የሰውነት ውስጣዊ ሚዛን

የሰውነት ውስጣዊ ሚዛን ወይም ሆሚዮስታሲስ ማለት ሕያው አካል በዙሪያው ያለው ሁኔታ ሲለዋወጥ የራሱን ሙቀት፣ የውሃና የጨው መጠን፣ የስኳርና የኦክስጅን መጠን በጠባብ ክልል ውስጥ ጠብቆ የሚያቆይበት ሂደት ነው። የሰውነትን አሠራር የሚያጠናው የፊዚዮሎጂ ትምህርት ከሚመሠረትባቸው ዋና ዋና ሐሳቦች አንዱ ነው። ልብ፣ ሳንባ፣ ኩላሊት፣ ጉበትና አንጎል እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ተግባር ቢኖራቸውም የሁሉም የጋራ ግብ ሕዋሳት የሚኖሩበትን ፈሳሽ ሳይናወጥ ማቆየት ነው። ወደ ሕዋስ የሚገባውና ከሕዋስ የሚወጣው ነገር ሁሉ ደግሞ የሚያልፈው በሕዋስ ሽፋን በኩል ስለሆነ፣ ሚዛኑ የሚጠበቀውም የሚፈርሰውም በዚህ ስስ ሽፋን ላይ ነው።

ኢትዮጵያ ይህን ሂደት ለማጥናት የምትመች አገር ናት። በአፋር የሚገኘው የደናክል ዝቅተኛ ቦታ ከባሕር ወለል በታች 125 ሜትር ያህል ሲወርድ፣ በሰሜን ያለው ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። በሁለቱም አካባቢዎች የሚኖር ጤናማ ሰው የውስጥ ሙቀቱ 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው።

የሐሳቡ አመጣጥ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ፈረንሳዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ክሎድ በርናር፣ የሰውነት ሕዋሳት በቀጥታ የሚኖሩት በውጭው አየር ውስጥ ሳይሆን በዙሪያቸው ባለው ፈሳሽ ውስጥ መሆኑን አስተዋለ። ይህንንም «ውስጣዊ አካባቢ» ብሎ ሰየመው። የውስጡ አካባቢ መርጋት ለነጻ ሕይወት ቅድመ ሁኔታ ነው የሚለው ሐሳብ የእርሱ ነው።

«ሆሚዮስታሲስ» የሚለውን ስም ያወጣው ግን አሜሪካዊው ዋልተር ካነን ሲሆን፣ ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1926 ተጠቅሞበት በ1932 ባሳተመው መጽሐፍ በሰፊው አስተዋውቋል። ስሙ «ተመሳሳይ» እና «መቆም» የሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት የግሪክ ቃላት የተገኘ ነው። «ተመሳሳይ» መባሉ ፈጽሞ የማይለወጥ ማለት አይደለም። ለምሳሌ የሰውነት ሙቀት ሊነጋ ሲል ዝቅ፣ ወደ ማታ ደግሞ ከፍ ይላል፤ ሆኖም በጤናማ ሰው ላይ ልዩነቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዲግሪ አይበልጥም።

የቁጥጥሩ አሠራር

ማንኛውም የሰውነት ቁጥጥር ሦስት ክፍሎች አሉት፦

ተቀባይ፦ ለውጡን የሚለካ ነው። ምሳሌ፦ በቆዳ ላይ ያሉ ሙቀት የሚለዩ ነርቮች።

ማዕከል፦ የተለካውን ከሚፈለገው መጠን ጋር የሚያነጻጽር ነው። ምሳሌ፦ በአንጎል ሥር ያለው ሃይፖታላመስ።

ፈጻሚ፦ ትእዛዙን ተቀብሎ ለውጡን የሚያርም ነው። ምሳሌ፦ የላብ ዕጢዎች፣ ጡንቻዎች፣ ኩላሊት።

በሲኤምሲም ሆነ በሌሎች የአዲስ አበባ ሰፈሮች ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በየግቢው የሚተከለው ሮቶ ለዚህ ቀላል ምሳሌ ይሆናል። በሮቶው ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ኳስ ውሃው ሲጎድል ዝቅ ብሎ መግቢያውን ይከፍታል፤ ሲሞላ ከፍ ብሎ ይዘጋዋል። መጉደሉ ራሱ መሙላትን፣ መሙላቱ ራሱ መዝጋትን ያስከትላል። እንዲህ ያለው ለውጡን የሚቃወም ምላሽ አሉታዊ ግብረ መልስ ይባላል። «አሉታዊ» የተባለው መጥፎ ስለሆነ ሳይሆን የለውጡን አቅጣጫ ስለሚቀለብስ ነው። አብዛኛው የሰውነት ቁጥጥር በዚህ መንገድ ይሠራል።

ለውጡን የሚያባብስ ምላሽ ደግሞ አዎንታዊ ግብረ መልስ ይባላል። በምጥ ጊዜ የሕፃኑ ጭንቅላት የማሕፀንን አፍ ሲገፋ ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን ይመነጫል፤ ሆርሞኑ ማሕፀኑን ያኮማትራል፤ መኮማተሩም ግፊቱን ይጨምራል። ዑደቱ የሚያበቃው ሕፃኑ ሲወለድ ነው። የደም መርጋትም በተመሳሳይ መንገድ ይፋጠናል። እንዲህ ያሉ ሂደቶች ጥቂት ናቸው፤ ሁሉም ግልጽ ማብቂያ ያስፈልጋቸዋል።

የሕዋስ ሽፋን

የአዋቂ ሰው አካል ከ30 ትሪሊዮን በላይ ሕዋሳት አሉት። እያንዳንዱ ሕዋስ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሚሊዮንኛ ክፍል ከ7 እስከ 8 እጥፍ ብቻ በሆነ ሽፋን ተከቧል።

የሽፋኑ ዋና ግንባታ ፎስፎሊፒድ የተባለ የቅባት ዓይነት ነው። የፎስፎሊፒድ ሞለኪውል ራሱ ውሃ ይወዳል፤ ሁለቱ ጭራዎቹ ግን ውሃ ይሸሻሉ። በዚህም ምክንያት ሞለኪውሎቹ በሁለት ረድፍ ይደረደራሉ፦ ራሶቹ ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ወዳለው ውሃ ይዞራሉ፤ ጭራዎቹ መካከል ላይ ይገናኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1925 ሆላንዳውያኑ ጎርተርና ግሬንደል ከቀይ የደም ሕዋሳት ያወጡትን ቅባት በውሃ ላይ ዘርግተው ሲለኩት ስፋቱ ከሕዋሳቱ የላይኛ ገጽ እጥፍ ያህል ሆኖ አገኙት፤ ከዚህም ሽፋኑ ባለ ሁለት ረድፍ መሆኑን ደመደሙ። እ.ኤ.አ. በ1972 ሲንገርና ኒኮልሰን ባቀረቡት ንድፍ መሠረት ሽፋኑ እንደ ግድግዳ የደረቀ አይደለም፤ በውስጡ የተሰካኩ ፕሮቲኖች የሚንሸራሸሩበት ፈሳሽ ነገር ነው።

ሽፋኑ ሁሉን አያሳልፍም፤ ሁሉንም አይከለክልም። ነገሮች የሚያልፉባቸው ዋና ዋና መንገዶች እነዚህ ናቸው፦

ስርጸት፦ ኦክስጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቅባቱን በቀጥታ ሰንጥቀው ብዛታቸው ከበዛበት ወደ አነሰበት ያልፋሉ። ለዚህ ሰውነት ጉልበት አያወጣም።

በመተላለፊያ ፕሮቲን ማለፍ፦ ስኳርና እንደ ሶዲየም ያሉ አዮኖች ቅባቱን ማለፍ ስለማይችሉ የራሳቸው በር ያስፈልጋቸዋል። ውሃም በብዛት የሚያልፍበት አኳፖሪን የተባለ በር አለው፤ ይህን ያገኘው ፒተር አግሬ እ.ኤ.አ. በ2003 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ከተሰጣቸው አንዱ ነው።

ጉልበት የሚጠይቅ ማሳለፍ፦ ነገሮችን ብዛታቸው ካነሰበት ወደ በዛበት፣ እንደ ውሃ ፓምፕ ሽቅብ መግፋት ነው።

ውሃ በሽፋን በኩል ጨው ወደ በዛበት ወገን መሄዱ ኦስሞሲስ ይባላል። ቋንጣ ሲዘጋጅ በሥጋው ላይ የሚነሰነሰው ጨው ውሃውን ወደ ውጭ የሚስበው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሥጋውን ሊያበላሹ የሚችሉ ተሕዋስያንም ውሃቸውን አጥተው መራባት ይሳናቸዋል። በተቃራኒው ቀይ የደም ሕዋስ ጨው በሌለው ውሃ ውስጥ ቢገባ ውሃው ወደ ውስጥ ገብቶ ያፈነዳዋል። ለሕሙማን በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ንጹሕ ውሃ ብቻ የማይሆነው ለዚህ ነው።

70 ኪሎ ግራም የሚመዝን አዋቂ ወንድ በአካሉ 42 ሊትር ያህል ውሃ አለው፤ ከዚህ ሁለት ሦስተኛው በሕዋሳት ውስጥ፣ ቀሪው ከሕዋሳት ውጭ ይገኛል። ከሕዋስ ውጭ ያለው ፈሳሽ በሊትር 140 ሚሊሞል ያህል ሶዲየምና 4 ሚሊሞል ያህል ፖታሲየም ሲይዝ፣ በውስጥ ያለው በተቃራኒው ከ10 እስከ 15 ሚሊሞል ሶዲየምና 140 ሚሊሞል ያህል ፖታሲየም ይይዛል። ይህን ልዩነት የሚጠብቀው ዴንማርካዊው የንስ ስኮው እ.ኤ.አ. በ1957 ይፋ ያደረገው የሶዲየምና የፖታሲየም ፓምፕ ነው፤ ስኮውም በ1997 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። ፓምፑ በእያንዳንዱ ዙር ሦስት ሶዲየም ወደ ውጭ ያስወጣል፤ ሁለት ፖታሲየም ወደ ውስጥ ያስገባል። ሰው ዐርፎ ተኝቶ እንኳ ሰውነቱ ከሚያወጣው ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉ በዚህ ሥራ ላይ ይውላል። የነርቭ መልእክትም ሆነ የልብ ምት የሚቻለው ይህ ልዩነት ስላለ ነው።

ሙቀት

በአፋር የምትገኘው ዳሎል እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተደረገው ምዝገባ ዓመታዊ አማካይ ሙቀቷ 34.6 ዲግሪ ነበር፤ ይህም ሰው ይኖርበት በነበረ ቦታ ከተመዘገቡት ሁሉ ከፍተኛው ሆኖ ይጠቀሳል። የአየሩ ሙቀት ከሰውነት ሙቀት ሲበልጥ ሰውነት ሙቀቱን ወደ አየሩ ማስወጣት አይችልም፤ የሚቀረው መንገድ ላብ ብቻ ነው። አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን 580 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ነገር ግን ላቡ የሚጠቅመው ሲተን እንጂ ሲንጠባጠብ አይደለም። አብሮት የሚወጣው ውሃና ጨው ካልተተካ አንዱን ሚዛን ለመጠበቅ ሌላው ይፈርሳል።

በአዲስ አበባ ብርዳማ ጠዋት ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። ወደ ቆዳ የሚሄዱት የደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ጡንቻዎች በመንቀጥቀጥ ሙቀት ያመነጫሉ። ጋቢ መደረብና ፀሐይ ፈልጎ መቀመጥም የዚሁ ቁጥጥር አካል ናቸው፤ ምክንያቱም ብርድ ብርድ የሚለውን ስሜት የሚፈጥረው ያው ሃይፖታላመስ ነው። ትኩሳት የያዘው ሰው ሰውነቱ እየነደደ የሚንዘፈዘፈው፣ ሕመሙ በሃይፖታላመስ ያለውን የሚፈለግ ሙቀት ከፍ ስላደረገበት ነው።

የደም ስኳርና ጾም

ጤናማ ሰው ምግብ ሳይቀምስ ሲያድር የደሙ ስኳር በዴሲሊትር ከ70 እስከ 100 ሚሊ ግራም ነው። ይህ በመላው ደም ሲሰላ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ብዙም አይበልጥም። ሆኖም አንጎል ያለማቋረጥ ስኳር ይፈልጋል።

ከምግብ በኋላ ስኳር ሲጨምር ቆሽት ኢንሱሊን ያመነጫል። በኢንሱሊን ትእዛዝ በጡንቻና በስብ ሕዋሳት ውስጥ ተከማችተው የነበሩ የስኳር በሮች ወደ ሽፋኑ ወጥተው ይሰካሉ፤ ስኳሩም ይገባል። በጾም ሰዓት ስኳር ሲቀንስ ቆሽት ግሉካጎንን ያመነጫል፤ ጉበትም ግላይኮጅን አድርጎ ያስቀመጠውን 100 ግራም ያህል ስኳር ቀስ በቀስ ይለቃል። ጉበት እዚህ ላይ የሮቶውን ሥራ ይሠራል፦ መስመሩ ሲቋረጥ ከተጠራቀመው ይሰጣል። ክምችቱ እየሳሳ ሲሄድ ጉበት ከፕሮቲንና ከስብ ክፍልፋዮች አዲስ ስኳር ይሠራል፤ ሌሎች አካላትም ስብ ወደ ማቃጠል ያዘነብላሉ። በዐቢይ ጾም እስከ ከሰዓት የሚቆይም ሆነ በረመዳን እስከ ፀሐይ መጥለቂያ የሚጾም ጤናማ ሰው ደሙ ውስጥ ያለው ስኳር በክልሉ የሚቆየው በዚህ ነው።

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ግን ይህ ቁጥጥር ይጎድለዋል። በተለይ ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚቀንሱ አንዳንድ እንክብሎችን የሚወስድ ሰው በጾም ሰዓት ስኳሩ ከመጠን በላይ ሊወርድ ስለሚችል፣ ከመጾሙ በፊት ሐኪሙን ማማከር ይኖርበታል።

ኦክስጅንና ከፍታ

ቦሌ አየር ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ ከእርሱ በስተምሥራቅ ያሉት የሲኤምሲና የአያት ሰፈሮችም ከ2,300 ሜትር በላይ ናቸው። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ውሃ በአዲስ አበባ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላውም ስለዚህ ነው። አየሩ እንደ የትም ቦታ 21 በመቶ ያህል ኦክስጅን አለው፤ ነገር ግን የኦክስጅኑ ግፊት በባሕር ዳርቻ 160 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲሆን በአዲስ አበባ 120 ያህል ይሆናል። ኦክስጅን በሳንባ ሽፋን የሚያልፈው በስርጸት፣ ማለትም በግፊት ልዩነት ብቻ ስለሆነ፣ ይህ ቅናሽ ሰውነትን በቀጥታ ይነካል።

ከባሕር ዳርቻ አገር ወደ አዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ የሚያጥረው ለዚህ ነው። በአንገት የደም ቅዳዎች ላይ ያሉ ተቀባዮች የኦክስጅኑን ማነስ ለይተው ትንፋሽና የልብ ምት እንዲፈጥን ያደርጋሉ። ትንፋሽ መፍጠኑ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከልክ በላይ ስለሚያስወጣ፣ ኩላሊት በቀናት ውስጥ ባይካርቦኔትን በሽንት እያስወገደ የደሙን አሲድነት ያስተካክላል። ኩላሊት ኤሪትሮፖይቲን የተባለውን ሆርሞንም ያመነጫል፤ በዚህም መቅኔ በሳምንታት ውስጥ ተጨማሪ ቀይ የደም ሕዋሳት ይሠራል። መፍትሔው ግን ዋጋ አለው፤ ቀይ ሕዋሳት ከመጠን በላይ ሲበዙ ደም ይወፍራል፤ ልብም ይከብደዋል።

በከፍታ ለብዙ ትውልድ የኖሩ ሕዝቦች ሁሉ በአንድ መንገድ አልተላመዱም። በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ያለ ነው። የቲቤት ሰዎች ሄሞግሎቢን እምብዛም ከፍ አይልም፤ በደማቸው ያለው የኦክስጅን ሙሌት ግን ዝቅ ያለ ነው። ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 የአማራ ተወላጆችን መርምረው ሦስተኛ መልክ አገኙ። የወንዶቹ አማካይ ሄሞግሎቢን በዴሲሊትር 15.9 ግራም፣ የሴቶቹ 15.0 ግራም ነበር፤ አማካይ የኦክስጅን ሙሌታቸውም 95.3 በመቶ ነበር። ሁለቱም በባሕር ዳርቻ ከሚኖሩ ሰዎች ልኬት የራቁ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ወደ ባሌ ደጋ ከጥቂት መቶ ዓመታት ወዲህ የወጡ የኦሮሞ ተወላጆች ሄሞግሎቢን በደጋ ከሚኖሩት የአማራ ተወላጆች ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ሰው በኢትዮጵያ ደጋ መኖር የጀመረው ግን እጅግ ቀደም ብሎ ነው፤ በባሌ ተራሮች ፊንጫ ሀበራ በተባለ የዋሻ መጠለያ፣ 3,469 ሜትር ላይ፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች እንደኖሩበት የሚያሳይ ቅሪት ተገኝቷል።

የከፍታ ኑሮ በስፖርትም ይታያል። እ.ኤ.አ. የ1968 ኦሎምፒክ የተካሄደባት ሜክሲኮ ሲቲ 2,240 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ ከቆላ አገር የመጡ ብዙ የረጅም ርቀት ሯጮች በአየሩ መሳሳት ተቸግረዋል። ማራቶኑን ያሸነፈው ኢትዮጵያዊው ማሞ ወልዴ ነበር። ሆኖም ከፍታ ብቻውን ሯጭ አያደርግም፤ ሥልጠና፣ ከልጅነት የዳበረ እንቅስቃሴና ውድድር የበዛበት አካባቢም ድርሻ አላቸው።

ለሕክምናም ትርጉሙ ትልቅ ነው። የደም ማነስ የሚለየው በሄሞግሎቢን መጠን ስለሆነ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በከፍታ ለሚኖሩ ሰዎች መለኪያው እንዲስተካከል ይመክራል። ማስተካከያው ካልተደረገ በደጋ የሚኖር ሰው የደም ማነስ እያለበት ጤነኛ ተብሎ ሊታለፍ ይችላል።

ሚዛኑ ሲፈርስ፦ ተቅማጥና ሕይወት አድን

የሕዋስ ሽፋን እውቀት ብዙ ሕይወት ያተረፈው በተቅማጥ ሕክምና ነው። የኮሌራ ተሕዋስ የሚያመነጨው መርዝ የአንጀት ሕዋሳትን የክሎራይድ በር ክፍት ያደርገዋል፤ ክሎራይድ ሲወጣ ሶዲየምና ውሃ ይከተሉታል። በጽኑ የታመመ አዋቂ በሰዓት እስከ አንድ ሊትር ፈሳሽ ሊያጣ ይችላል። የሚገድለው መርዙ በራሱ ሳይሆን የውሃና የጨው መጥፋት ነው፤ ደም ያንሳል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ኩላሊት ሥራ ያቆማል።

በዚህ ሁሉ መካከል ግን በአንጀት ሽፋን ላይ አንድ በር ሳይበላሽ ይቀራል። ይህ በር ሁለት ሶዲየምን ከአንድ ግሉኮስ ጋር አጣምሮ ያስገባል፤ ውሃም ይከተላቸዋል። ሮበርት ክሬን ይህን ጥምረት እ.ኤ.አ. በ1960 ያቀረበ ሲሆን፣ በተለምዶ ሕይወት አድን የሚባለው ኦአርኤስ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በተሻሻለው ቀመር መሠረት አንድ ሊትሩ 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ 2.6 ግራም የገበታ ጨው፣ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድና 2.9 ግራም ትራይሶዲየም ሲትሬት ይይዛል። ስኳሩ የተጨመረው ለጣዕም ወይም ለብርታት ሳይሆን ጨውን ለማስገባት ነው።

ስለዚህ ለአጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ውሃ ብቻ መጠጣት የጠፋውን ጨው አይተካም። ስኳር የበዛበት ለስላሳ መጠጥ ደግሞ በኦስሞሲስ ተጨማሪ ውሃ ወደ አንጀት ስቦ ተቅማጡን ሊያብስ ይችላል። ከሕይወት አድን ፓኬት ጋር የተጻፈውን የውሃ መጠን ሳይቀንሱና ሳይጨምሩ፣ በንጹሕ ውሃ በጥብጦ ቶሎ ቶሎ በጥቂት በጥቂቱ መስጠት ያስፈልጋል። ፓኬቱ ካልተገኘ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ወደ ጤና ጣቢያ እስኪደረስ መጠቀም ይቻላል። የሚጠባ ሕፃን ጡት መጥባቱን መቀጠል አለበት።

የዓይን መሰርጎድ፣ የአፍ መድረቅ፣ የሽንት ማነስ፣ የሕፃን ያለ እንባ ማልቀስና መፍዘዝ የፈሳሽ ማነስ ምልክቶች ናቸው። ሕመምተኛው የማይነቃ፣ መጠጣት የማይችል ወይም የጠጣውን ሁሉ የሚያስመልስ ከሆነ ፈሳሹ በደም ሥር ሊሰጠው ስለሚገባ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ ይኖርበታል።